የባለቤቴ ስጎ በኔ ምላስ

ሰኞ ማታ

ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። እጄን የያዘ፣ ከጎን ቆሞ የነገረኝ ሰው የለም። አላምንም የሚል ካለ ጎሚስታ ቤት ይምጣና እፊቱ እጽፍለታለሁ፤ ቢፈልግ በጠመኔ፣ ቢፈልግ በግራሶ።

የማታው ትምህርት አልቋል። አስተማሪያችን ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ስንሰናበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል አለችን። እኔን ጥሎ የሚሄድ ፊደል ገና አልተቀረጸም ብዬ ክፍሉን በሳቅ ፈጀሁት። እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች ግን ይህን ደብተር እጄ ላይ አስቀመጠች። ብልጥ ናት።

እንግዲህ ስለ ራሴ። ጎማ እለጥፋለሁ። በዚህ መንገድ የሚያልፍ መኪና ሁሉ አንድ ቀን እጄ ላይ መውደቁ አይቀርም። የሥራ ጓደኞቼ «ኮምፕሬሰር» ይሉኛል፤ ሳላቋርጥ አየር ስለምነፋ ነው አሉ። ቅናት ነው።

ባለቤቴ ከኛ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት አብሳይ ናት። ሰው እዚያ የሚገባው ለሷ ስጎ ነው፤ የጣልያን ስጎ፣ በቲማቲምና በተፈጨ ሥጋ፣ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ የሚያመሽ። የምግብ ቤቱ ምድጃ ለእንዲህ ዓይነት ድስት ትዕግሥት ስለሌለው እቤት ነው የምትሠራው። ጠዋት ድስቱን በፎጣ ጠቅልለን፣ አንዱን ጆሮ እኔ ሌላውን እሷ ይዘን መንገዱን እንሻገራለን። መኪና ሁሉ ቆሞ ያሳልፈናል። ለኔ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለድስቱ ነው።

ሰሞኑን ክፉ ጉንፋን ጥሏት ነበር። አሁን ተነስታለች። ከስታለች እንጂ ደህና ናት።

ማክሰኞ

ዛሬ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ማማሰያውን ወደ አፌ አምጥታ እስቲ ቅመስልኝ አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ይህች ሴት ቅመስልኝ ብላኝ አታውቅም። ክዳን ከፍቼ ሳጮልቅ ጣቴን በማማሰያ የምትመታ ሴት ናት። ደረቴ ተነፋ። ቀመስኩና እጅ ያስቆረጥማል አልኳት።

ጨው በዝቶበታል። ግን ከአልጋ ለተነሳች፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ለቆመች ሴት ጨው በዛ ይባላል? እኔ አልልም።

ረቡዕ፣ በችኮላ

መኪና ተሰልፏል። ከምግብ ቤቱ ሳህን ተመለሰ አሉ። አንድ ሳህን አይደለም።

ምሳ አልበላሁም። አልራበኝም።

ረቡዕ ማታ

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባለቤትየዋ፣ ማለት የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሳህኖቹን ይዛ ኩሽና ድረስ ገብታ ምን ነካሽ ብላታለች። እሷም እጄን አዳልጦኝ ነው ብላለች። ለዛሬ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል፣ ግን ሰዎቹ ለስጎው ነው የሚመጡት፣ ስጎው ከተበላሸ ኩሽናውን ለሌላ ሰው ማስረከቤ ነው ብላት ወጥታለች።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨው በዝቶ ነበር?»

«ትንሽ» አልኳት።

«ታውቅ ነበር?»

ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ አንድ አይጠፋኝም። ዛሬ ግን አዎ አልኳት።

ከዚያ ነገረችኝ። ጉንፋኑ ሲለቃት ሽታና ጣዕም ይዞባት ሄዷል። ምንም አይሸታትም። ዳቦ አፏ ውስጥ እንደ ጨርቅ ነው፤ ሥጋ እንደ ጎማ ነው አለችኝና ይቅርታ አለች፣ ጎማ እንጀራዬ ስለሆነ። ለብቻዋ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ መድኃኒት የለውም ብሏታል። ምግብ ቤቱ ሳያውቅ እስኪመለስ ልትጠብቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ማማሰያውን ወደኔ ያመጣችው።

«ስማኝ» አለች። «አሁን የቸገረኝ ባል አይደለም። ባል አለኝ። የቸገረኝ ምላስ ነው።»

እኔ ደግሞ ምላሴ ረጅም እንደሆነ አገር ያውቃል ልላት ነበር። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሲጋራ አልገዛሁም። ረስቼው ነው።

እሁድ ማታ

ዛሬ ዕረፍታችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አስተማረችኝ። የማታው ትምህርት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። እዚያ ፊደል ብትስት አስተማሪዋ ፈገግ ትላለች። እዚህ ማማሰያ አለ።

ሽንኩርት፣ ካሮትና የሾርባ ቅጠል አድቅቃ ከተፈች። ዘይት ውስጥ ጨምራ እሳቱን ዝቅ አደረገች። እያንዳንዱ ሲለወጥ እየጠራች ታቀምሰኛለች። ምን ይላል ትለኛለች። ጥሩ ነው እላለሁ። ጥሩ የሚባል ጣዕም የለም ትለኛለች። ጣፋጭ ነው፣ መራራ ነው፣ ጎምዛዛ ነው፣ ይጎረብጣል፣ የቱ? ጥሩ ማለት ለሰው ነው፣ ለድስት አይደለም።

ሥጋው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። መጀመሪያ ውሃው ስላለ ይጮሃል፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይደርቃል፣ ያኔ ነው ቀይ ወይኑ የሚገባው። ይህን ያለ አፍንጫ ታውቀዋለች። ወይኑ ሲገባ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ከልማዷ ተነስታ በረጅሙ ሳበችው። ከዚያ ፊቷን መለሰች፣ ዓይኗን እንፋሎቱ የለበለባት ይመስል።

ቲማቲሙ ሲገባ ቀመስኩ። ከጆሮዬ ሥር፣ መንጋጋዬ ከሚታጠፍበት ላይ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ይህን ስነግራት የዛሬዋን የመጀመሪያ ፈገግታ አየሁ። ያ ነው ጥሬነቱ፣ ከጆሮህ ሥር እስከያዘህ ድረስ ገና ነው፣ ለቆህ ወደ ምላስህ ጫፍ ሲመጣ በስሏል አለችኝ። ጨው ደግሞ ወደ መጨረሻው፣ ያውም ቀነስ ተደርጎ፤ ስጎው እያነሰ ሲሄድ ጨው እየበዛ ይሄዳልና።

እሳቱ ላይ ተጣላን። ይህን ያህል ትለኛለች፣ ይህን ያህል አደርጋለሁ፣ በዛ ትላለች፣ እቀንሳለሁ፣ ጠፋ ትላለች። በመጨረሻ ራሴ ደረስኩበት። ጎማ የት ላይ እንደተቀደደ ለማግኘት ውሃ ገንዳ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ምስማር የበሳው አረፋውን ይደረድረዋል። አንዳንዱ ግን የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ወጥታ ትፈነዳለች፣ እንደገና ዝም። የስጎው አረፋ እንደዚያ መሆን አለበት አልኳት። ድስቱ ላይ አጎንብሳ አየች።

«እንደሱ ነው» አለች። «ስንት ዘመን ለረዳቴ ላስረዳት ያቃተኝ ይኸው ነው።»

ይህን በትልልቁ ጽፌዋለሁ።

ማክሰኞ

ስጎው ሄደ። ሳህን አልተመለሰም።

ረቡዕ

ሳህን አልተመለሰም። ቀይ ታክሲ የሚነዳው ደንበኛችን ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ነበር፤ ምሳውን ዘወትር እዚያ ነው የሚበላው። ሰሞኑን ያቺ ሴትዮ እጇ ጠፍቶ ነበር፣ ዛሬ ግን ተመልሷል አለ። እኔም አንድ ሁለት ነገር ጣል አደረግኩለት። በጣም ሳቀ። የትኛው እንዳሳቀው በደንብ አላስታውስም።

ሲጋራ ካልገዛሁ ሰንብቻለሁ። ሳል ቢጤ ይዞኝ ስለነበር ነው። እሷ ሽታው ከልብሴ መጥፋቱን አላወቀችም፣ እኔም አልነገርኳት። ምን ብዬ ነው የምነግራት።

ዓርብ

ዛሬ ልጽፍ የማልፈልገው ነገር ሆነ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ደክሟት ጋደም አለች። ድስቱን አደራ፣ እሳቱን እንዳትነካ አለችኝ። ተቀመጥኩ። አረፋው አንድ ይወጣል፣ እቆያለሁ፣ አንድ ይወጣል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአየር ግፊት የምሠራ ሰው ነኝ። ቡታጋዙን ትንሽ፣ ፀጉር ታህል ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ዜና ልሰማ ሬዲዮኑ ጋ ሄድኩ።

ስመለስ ማረር ጀምሯል። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። በሩ ክፍት ነው፣ እሷ አልጋው ላይ ዓይኗን ገልጣ ኮርኒሱን ታያለች። ድሮ ጎረቤት ሽንኩርት ቢያሳርር ከዚህ ሆና ስሙን ጠርታ የምትሰድበው ሴት፣ ቤቷ ውስጥ ድስቷ እያረረ ኮርኒስ ታያለች።

ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ። ባማስለው ያረረው ይቀላቀላል፣ ሰው ይቀምሰዋል፣ እሷ ግን አታውቅም። ዝም ብል ማንም የኔ ጥፋት ነው አይልም። የሷ ነው የሚሉት።

ገብቼ አርሯል አልኳት። እሳቱን እኔ ነኝ የነካሁት አልኳት።

እሰደባለሁ ብዬ ስጠብቅ ብድግ ብላ አማስለኸዋል ወይ ብቻ አለች። አላማሰልኩም። ሮጣ ሌላ ድስት አመጣች፣ ታችኛውን ሳንነካ የላይኛውን ብቻ በጭልፋ ቀድተን ገለበጥን። ቀመስኩ። ቆየሁ። ደግሜ ቀመስኩ። ጭስ የለውም አልኳት። እርግጠኛ ነህ አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ያረረውን ድስት እኔ ፈተግኩት። እሷ በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሬዲዮኑ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። አላዳመጥኩትም።

ቅዳሜ

ፈራሁት የማልለው ነገር መጣ።

ከሰዓት ነው። ድስቱ ላይ ነን። ጨው አሁን ጨምራ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ባለቤትየዋ ናት፤ ዣንጥላዋን አራግፋ ገባች። ይህን ቤት ረግጣው አታውቅም። እንደ ደንቡ ተነሳን፣ ወንበር አቀረብን፣ ይበሉ ይጠጡ ተባለ። ባለፍኩበት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው አለች። ማንም በዚህ ዝናብ በዚህ ጭቃ አያልፍም።

ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ፣ እስቲ ቅመሺና አንድ ጭልፋ ስጪኝ አለቻት።

ባለቤቴ ወደ ድስቱ ዞረች። እጇ ወደ ጨው ጣሳው ሄዶ እዚያው ቆመ። ያኔ ገባኝ። በሩ ሲንኳኳ ደንግጣ ጨው ጨምራ እንደሆን እንዳልጨመረች ጠፍቶባታል። ድሮ ቢሆን ምላሷ ይነግራት ነበር። ባለቤትየዋ እጇን ትኩር ብላ ታያለች።

በዓይኔ ልጠቅሳት እችል ነበር። ጥሩ ነው እትዬ፣ እጅ ያስቆረጥማል ብዬ ማሳቅ እችል ነበር። ጭልፋውን አንስቼ ቀመስኩ።

«ጨው በቅቶታል» አልኩ። «ግን ገና ነው። ከጆሮ ሥር ይይዛል።»

ባለቤትየዋ ወደ ምድጃው የዘረጋችውን እግሯን ሰበሰበች።

«የሰማሁት እውነት ነው ማለት ነው» አለች ባለቤትየዋ።

«እውነት ነው እትዬ» አለች ባለቤቴ፣ ጣሳውን እየከደነች። «ጉንፋኑ ወስዶብኝ አልመለሰልኝም።»

«ታዲያ ከታክሲ ሹፌር አፍ ነው የምሰማው?»

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። እኔ ድስቱን አየሁ። አረፋዋ ቀስ ብላ ወጣች።

ባለቤትየዋ ትነሳለች ብዬ ስጠብቅ ካፖርቷን አወለቀች። ገና ነው ካላችሁ እጠብቃለሁ አለች። ጠበቀች። ዝናቡ አቆመ፣ ጀመረ፣ አቆመ። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ፣ ማማሰያው የሄደበት መንገድ ቶሎ አልከደን ሲል፣ ባለቤቴ አየችኝ። ቀመስኩ። ለቆኛል አልኩ። ቀዳችላት።

በዳቦ በላች። ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ በዳቦው ጠረገችው። አፏንም ጠረገች። ሰኞ እነግርሻለሁ ብላ ዣንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

«ለሹፌሩ ምን አልከው?»

«እንዲሁ ጨዋታ ነው።»

«ምን አልከው?»

«ያለኔ ምላስ ያ ስጎ ስጎ አይሆንም አልኩት።»

ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው አስቀመጠች።

«በሕይወትህ አንዴ ሳታጋንን ተናገርክ» አለች። «እሱኑም ለማይነገረው ሰው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ይህን የምጽፈው ኩሽና ሆኜ ነው። ስለ ራሴ ብዙ ቃል አውቅ ነበር፣ ዛሬ ልጽፋቸው ስል ሁሉም ያው አየር ናቸው።

እሁድ

አኩርፋለች። ካሮት ስትልጥ ልጣጩ ረጅም ሆኖ ሳይበጠስ ይወርዳል፣ ስትናደድ እንዲህ ነው። ይቅርታ አልኳት። ሰማሁ አለች። ሰማሁ ማለት ይቅር አልኩ ማለት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እስቲ ቅመስ ብላ ማማሰያውን ሰጠችኝ። ሌላ ምላስ የላትማ።

ሰኞ፣ በችኮላ

በጎሚስታው በር የምግብ ቤቱን በር አያለሁ። ባለቤቴ ከገባች ቆየች። ጓደኛዬ ቸርኬውን ሦስት ጊዜ አምጣ ብሎኝ አልሰማሁትም። ዛሬ ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቷል ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሰኞ ማታ

ሾርባውና ጥብሱ፣ ዓሣውም ለረዳቷ ተሰጠ። ረዳቷ ከሷ ሥር ያደገች ልጅ ናት፤ ስትረከብ አልቅሳለች አሉ። ስጎው ግን የባለቤቴ ነው። እንደ ድሮው እቤት ይሠራል፣ እንደ ድሮው ጠዋት ይመጣል። ባለቤትየዋ ያለችው ይህን ነው፦ ባልሽ ይቅመስ፣ ሲሳሳት ግን የምጠይቀው አንቺን ነው፣ ጣዕምሽ ሲመለስ ደግሞ ሁሉንም መልሰሽ ትረከቢያለሽ።

እኔ ደስ አለኝ። እንዲያውም ልዘፍን ነበር። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ቁጭ አለችና፣ ዓሣው ላይ ሎሚ ሲጨመር ድምፅ እንዳለው ነገረችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚህ በፊት ስለ ዓሣ አውርተን አናውቅም። አሁን ሳስበው፣ የተቀነሰላት ሥራ ሳይሆን የተወሰደባት ነው።

ሐሙስ

ሳህን አልተመለሰም። ዛሬ ትንሽ ጎምዝዞ ነበር፣ ነገርኳት፣ ካሮት ጨምራ ዝም ብላ አቆየችው። ጨው አነሰ አልኳት ደግሞ፣ ጨመረች። ለረዳቷ ስለ መርፌ ቀዳዳው ነግራታለች፤ ልጅቷ ጎሚስታ ቤት መጥታ ገንዳው ውስጥ አረፋውን አሳየኝ አለችኝ። ጓደኞቼ ተሰብስበው አዩ። አንዲትም ቃል አላጋነንኩም።

እሁድ ማታ

ዛሬ ለምግብ ቤቱ አይደለም፣ ለኛ ነው የሠራችው። ትንሽ ድስት። ፓስታውን ቀቅላ፣ ሁለት ሳህን አውጥታ፣ ለኔ ሞልታ ለሷ ደግሞ ለወፍ የሚሆን አደረገች። ጉንፋኑ ከለቀቃት ወዲህ አበላሏ እንደዚህ ነው፤ ጉሮሮዋ ላይ አልወርድ ሲላት በውሃ ትገፋዋለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም።

ብዪ እንጂ አልኳት። ምን ልብላ፣ ትኩስ ነገር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም አለች። ሹካዋን አስቀመጠች።

ወንበሬን አስጠግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔ ጎረስኩ፣ እሷም እንድትጎርስ በእጄ አሳየኋት። መጀመሪያ ሥጋው ነው የሚመጣው አልኳት፤ ወፍራም ነው፣ ምላስ ላይ ይተኛል፣ አይቸኩልም። አሁን ወይኑ፣ ከኋላ ነው ያለው፣ ጉንጭሽን ትንሽ ይቆነጥጠዋል። አሁን ካሮቱ፣ ካሮት አይመስልም፣ ጣፋጭነቱን ብቻ ትቶ ሄዷል። ቲማቲሙ ከጆሮሽ ሥር ለቆ ወደ ፊት መጥቷል። ጨው አለ፣ ግን ፍለጋ ካልሄድሽ አታገኚውም። ቀስ ብላ ታኝካለች። ዓይኗን ጨፍናለች፣ የሥጋውን ድምፅ ስታዳምጥ እንደምትጨፍነው። ጎረሰች። እንደገና ጎረሰች።

ሳህኗ እየጎደለ ሲሄድ ሳይ ማውራቱን ረስቼ ሹካዋን በዓይኔ መከተል ጀመርኩ።

ዓይኗን ሳትገልጥ ክንዴን ነካች።

«ዝም አልክ እኮ» አለችኝ። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ።